የራዲያተር ክዳንና የግፊት ቁጥሩ፤ ከስሙና ከታሪኩ

የሙያ ቃላትን የሚሰበስቡና የሚተረጉሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጨነቁት ላልታወቀ ነገር አዲስ ስም ስለ ማውጣት ነው። ስሙ የተለመደ፣ ነገሩም በየጋራዡ የሚገኝ ሲሆን ግን ቃሉን ሳይመረምሩ ማለፍ ይቀናቸዋል። «የራዲያተር ክዳን» የሚለው ስያሜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሾፌሩም፣ መካኒኩም፣ መለዋወጫ ሻጩም በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ የሚያከራክር ነገር ያለበትም አይመስልም። ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚጠራው ዕቃ ከአንድ መቶ ዓመት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ባሕርዩን ደጋግሞ ለውጧል፤ ስሙ ግን ባለበት ቆይቷል። ስምና ነገር እንዲህ ሲለያዩ ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ተወስኖ አይቀርም። የዱሮ መኪና የሚጠግን ሰው በተሳሳተ ቁጥር ተመርቶ ራዲያተሩን ሊያፈነዳ፣ ወይም ፊቱንና እጁን በፍል ውሃ ሊቃጠል ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የክዳኑን ታሪክ ከመነሻው ተከትለን፣ ለአንድ የዱሮ መኪና ትክክለኛው የክዳን ግፊት በምን እንደሚታወቅ እናሳያለን፤ በዚያውም ተርጓሚው ከቁጥሩ ጋር አብሮ ሊያሻግራቸው የሚገቡትን ነገሮች እናመለክታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ክዳኑ ክዳን ብቻ በነበረበት ዘመን

የመኪና ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ የሚያገኘውን ሙቀት በሙሉ ወደ ሥራ አይለውጠውም፤ ከፊሉ ከጭስ ጋር ይወጣል፤ ከፊሉም የሞተሩን ብረት ያግለዋል። ይህ ሙቀት በጊዜው ካልተወገደ ብረት ከብረት ጋር ይጣበቃል። ካርል ቤንዝ በ1886 የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለ ሦስት እግር መኪና የሚቀዘቅዘው ውሃን በማትነን ነበር። ውሃው በሞተሩ ዙሪያ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ወደ አየር ይሄዳል፤ የጎደለውም ይሞላል። ሚስቱ በርታ ቤንዝ በ1888 ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ስትጓዝ በየመንገዱ ውሃ መሙላት ግድ የሆነባት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ መኪና የውሃው መፍላት የአሠራሩ ዋና ክፍል እንጂ ብልሽት አልነበረም።

በ1900 ቪልሄልም ማይባህ የማር እንጀራ የሚመስለውን ራዲያተር ሠራ። ውሃው በብዙ ሺህ ትንንሽ የብረት ቱቦዎች መካከል ሲያልፍ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ የሚነፍሰው አየር ሙቀቱን ይወስደዋል። ከዚያ ወዲህ ያው ውሃ ደጋግሞ እየዞረ ሊያገለግል ቻለ። ከ1908 እስከ 1927 በተሠራው በፎርድ ሞዴል ቲ መኪና፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በስተቀር፣ የውሃ ፖምፓ እንኳ አልነበረም፤ የሞቀው ውሃ እየቀለለ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የቀዘቀዘው እየከበደ ወደ ታች ሲወርድ፣ ውሃው በራሱ ይዞር ነበር።

በዚህ ዘመን ክዳኑ የስሙን ያህል ብቻ ነበረ። አቧራ እንዳይገባ፣ ውሃም በመንገዱ መናጥ እንዳይፈስ ይከድናል። ትርፍ ውሃና እንፋሎት በጎን ባለች ቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ስለሚወጡ፣ በራዲያተሩ ውስጥና በውጭው አየር መካከል የግፊት ልዩነት አልነበረም። ስለዚህ በክዳኑ ላይ የሚጻፍ ቁጥር አልነበረም፤ የሚለካ ነገር አልነበረምና።

ስለ «ራዲያተር» ቃልም ጥቂት ማለት ይገባል። ቃሉ ከላቲን ሥር የመጣ ሆኖ «ጨረር የሚፈነጥቅ» እንደ ማለት ነው። የመኪና ራዲያተር ግን አብዛኛውን ሙቀት የሚያስወግደው በመካከሉ ለሚያልፈው አየር በማስረከብ ነው፤ የጨረሩ ድርሻ አነስተኛ ነው። ቃሉን በቀጥታ ፈትተን «ጨረር ፈንጣቂ» ብንለው፣ የባዕዱን ቋንቋ ስሕተት የአማርኛ ልብስ አልብሰን ማስገባታችን ነው። ውሰቱ ቃል ግን የሥር ትርጉሙ ለአማርኛ ተናጋሪ ስለማይሰማው አያሳስትም። ከጣሊያንኛ የተቀበልናቸው ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላና ፖምፓ በጋራዡ ቋንቋ ተደላድለው የሚኖሩትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚያመለክቱትን ዕቃ ያመለክታሉ እንጂ ስለ አሠራሩ ምንም ቃል አይገቡም። ውሰት ከትርጉም ስም የሚሻልበት ጊዜ አለ ስንል እንዲህ ያለውን ማለታችን ነው።

የክዳኑ ሁለተኛ ዘመን የጌጥና የመለኪያ ዘመን ነው። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ በአሜሪካ ቦይስ ሞቶሜተር የተባለው የሙቀት መለኪያ በክዳኑ አናት ላይ ይተከል ነበር፤ ሾፌሩም ከመቀመጫው ሆኖ ያነበዋል። ሮልስ ሮይስ ደግሞ ከ1911 ጀምሮ ቻርልስ ሳይክስ የቀረጻትን ሴት ምስል በክዳኑ ላይ አቆመ። እንዲህ ክዳኑ የመኪናው ዐይን መሳቢያ፣ የባለቤቱም ክብር ማሳያ ሆነ። የዚያን ዘመን ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ስለ ክዳን የተነገረውን ሲያነብ፣ ነገሩ መክደኛ ነው፣ መለኪያ ነው ወይስ ሐውልት ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

፪. ግፊትና ነጥበ ፍሌት

ሦስተኛው ዘመን የግፊት ዘመን ነው። ይህን ለመረዳት ከመኪና በፊት ወደ ነበረው ዕውቀት መመለስ ያስፈልጋል። ብሌዝ ፓስካል በ1648 የእህቱን ባል ፍሎረን ፔሪዬን በፈረንሳይ አገር ወደሚገኘው ፒዩ ደ ዶም ተራራ አውጥቶ ባዚቃ በተሞላ ቱቦ የአየሩን ግፊት አስለካ። ባዚቃው በተራራው ጫፍ ላይ ከግርጌው ይልቅ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። በ1679 ደግሞ ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን አጥንት እስኪለሰልስ የሚቀቅል ጥብቅ ድስት በለንደን ለሮያል ሶሳይቲ አባላት አሳየ። ድስቱ እንፋሎቱን አምቆ ይይዛል፤ በታመቀው እንፋሎት ግፊት ምክንያት ውሃው ከተለመደው የበለጠ ሞቆ ሳይፈላ ይቆያል። ድስቱ እንዳይፈነዳም ፓፓን ግፊቱ ከወሰን ሲያልፍ ተነሥቶ እንፋሎቱን የሚያስወጣ፣ በክብደት የተጫነ ቫልቭ አበጀለት። ዛሬ በራዲያተር ክዳን ውስጥ የምናገኘው ነገር የዚህ ቫልቭ የልጅ ልጅ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ውሃ የሚፈላበት መጠነ ሙቀት፣ ማለትም ነጥበ ፍሌቱ፣ በላዩ ባረፈው ግፊት ይወሰናል። በባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በ6,000 ሜትር ከፍታ ላይ 80 ዲግሪ ያህል ብቻ ይሆናል። በዚህ ሕግ መጀመሪያ የተቸገሩት የአውሮፕላን መሐንዲሶች ናቸው፤ አውሮፕላኑ በወጣ ቁጥር የሞተሩ ውሃ ለመፍላት ይቀርባል። በ1930ዎቹ ብዙ መፍትሔ ተሞከረ። ሜርሊን የተባለው የሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተር በመጀመሪያ ንጹሕ ግላይኮል በተባለው፣ ነጥበ ፍሌቱ ከፍተኛ በሆነ ፈሳሽ ይቀዘቅዝ ነበር፤ በኋላ ግን 70 እጅ ውሃና 30 እጅ ግላይኮል ተቀላቅሎ በግፊት ሥር እንዲሠራ ተደረገ።

የመኪና መሐንዲሶች ፍላጎት ከዚህ ጥቂት ይለያል። ራዲያተር ሙቀት የሚያስወግደው በውሃውና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ነው። አየሩ 35 ዲግሪ፣ ውሃው 90 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 55 ነው፤ ውሃው ሳይፈላ 105 ዲግሪ እንዲደርስ ቢፈቀድለት ልዩነቱ 70 ይሆናል፤ ያው ራዲያተር ከሩብ በላይ የሚሆን ተጨማሪ ሙቀት ያስወግዳል ማለት ነው። የመኪናው ፊት እያጠረ፣ ሞተሩም እየበረታ ሲሄድ ይህ ትርፍ አስፈላጊ ሆነ። በግፊት የሚሠራው ክዳን ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የተለመደ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

፫. ክዳኑ ቫልቭ ሲሆን

የግፊት ክዳን በውስጡ ሁለት ቫልቮች አሉት። ትልቁ በብረት ሞላ ተጭኖ የራዲያተሩን አንገት ይዘጋል፤ የውስጡ ግፊት ከሞላው ብርታት ሲበልጥ ይነሣና ትርፉን ያስወጣል። ትንሹ ቫልቭ በትልቁ መካከል ያለ ሲሆን፣ ሞተሩ ጠፍቶ ውሃው ሲበርድና ሲኰማተር ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ አየር ወይም ከመጠባበቂያው ዕቃ የተረፈ ውሃ እንዲገባ ያደርጋል። ትንሹ ቫልቭ ባይኖር የውጭው አየር የጎማ ቱቦዎቹን ጨምድዶ ያጣብቃቸው ነበር። እንግዲህ ይህ ዕቃ ይከድናል፤ ይለካል፤ ያስወጣል፤ ያስገባል። ከአራቱ ሥራዎች በስሙ የተገለጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ለውጡን በአንድ የእንግሊዝ መኪና ቤተሰብ በግልጽ ማየት ይቻላል። ከ1945 እስከ 1949 የተሠራው ኤም.ጂ. ቲ.ሲ. ግፊት የሌለው ራዲያተር ነበረው፤ ክዳኑም በራዲያተሩ ፊት አናት ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ተከታዩ ቲ.ዲ. 4 ፓውንድ በካሬ ኢንች የሚይዝ የግፊት ክዳን ተደረገለት። ከ1953 እስከ 1955 በተሠራው ቲ.ኤፍ. ላይ ደግሞ በአፍንጫው አናት የሚታየው ክዳን የማስመሰያ ጌጥ ብቻ ሆኖ፣ እውነተኛው የግፊት ክዳን ከመሸፈኛው ሥር ተደበቀ። በአንድ መኪና ላይ ክዳን የሚመስለው የማይከድን፣ የሚከድነው ደግሞ የማይታይ ሆነ ማለት ነው። ዕቃውን ሳያይ በመልኩ ብቻ የሚተረጉም ሰው እንዲህ ባለው ቦታ በቀላሉ ይሳሳታል።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። በ1959 ብቅ ያለው ሚኒ በመጀመሪያ 7፣ በኋላ 13 ፓውንድ በካሬ ኢንች የሚይዝ ክዳን ነበረው፤ በ1962 የወጣው ኤም.ጂ.ቢ. በመጀመሪያ 7 ከዚያም 10 ሆነለት። በባሕር ጠለል ላይ የንጹሕ ውሃ ነጥበ ፍሌት በ4 ፓውንድ ክዳን 107 ዲግሪ፣ በ7 ፓውንድ 111፣ በ10 ፓውንድ 115፣ በ13 ፓውንድ 119፣ በ15 ፓውንድ 121 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ የአንድ መኪና ስም ብቻ የክዳኑን ቁጥር ለመወሰን እንደማይበቃ ነው። አንድ ሞዴል በዕድሜው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ የሞተሩን ተከታታይ ቁጥርና የተሠራበትን ዓመት ሳይጠቅስ «የሚኒ ክዳን ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚጽፍ መመሪያ ከግማሽ በላይ እውነቱን አስቀርቷል።

፬. ጋለ፣ ፈላ፣ ገነፈለ

እዚህ ላይ አማርኛ ተርጓሚውን ይረዳዋል። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች «ከልክ በላይ መሞቅ» የሚለውን ሐሳብ በአንድ ቃል ጠቅልለው ለብረቱም ለውሃውም ይሠሩበታል። አማርኛ ግን ነገሩን ከፋፍሎ ያውቀዋል። ብረት ይግላል፤ ውሃ ይሞቃል፣ ይፈላል፣ ይተናል፤ ከዕቃው አልፎ ሲወጣም ይገነፍላል። እነዚህ ግሦች በማዕድ ቤት የተፈተኑ ናቸው፤ ድስት ስትጥድ ያደገች ሴት «ጋለ»ን በ«ፈላ»፣ «ፈላ»ንም በ«ገነፈለ» ቦታ አትናገርም።

ልዩነቱ ለክዳናችን ወሳኝ ነው። የግፊት ክዳን ውሃው እንዳይፈላና እንዳይገነፍል ያዘገየዋል፤ ሞተሩ እንዳይግል ግን አያደርግም። ቺንጊያው የላላ፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ የቀረ፣ ወይም የራዲያተሩ ቱቦዎች በዝገትና በኖራ የተደፈኑ ሞተር ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ክዳን ቢገጠምለት፣ ውሃው ሳይፈላ ብረቱ ይበልጥ ይግላል። መፍላቱ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ዘገየ እንጂ ሕመሙ አልዳነም። «ክዳኑን ከፍ ባለው ቢለውጡት ሞተሩ አይሞቅም» የሚል ምክር በማንኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ሐሰት ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ ግን ሐሰትነቱ ይበልጥ ይታወቃል፤ ግሦቹ ራሳቸው ይመሰክራሉና።

የዱሮ መኪና ራዲያተር ደግሞ ከናስና ከመዳብ ተሠርቶ፣ በተለምዶ ስታኞ በሚባለው የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል የተበየደ ነው። ለ4 ወይም ለ7 ፓውንድ የታሰበ ብየዳ፣ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ 15 ፓውንድ ሲጫነው ከደካማው ቦታ ይለቃል። ራዲያተሩ ቢችለው የጎማ ቱቦው፣ ቱቦው ቢችለው የፖምፓው ማጥበቂያ ይሸነፋል። ስለዚህ ከሁለት ቁጥሮች በአንዱ የሚጠራጠር ሰው ዝቅተኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ዝቅተኛው ሲሳሳት ውሃ ይገነፍላል፤ ከፍተኛው ሲሳሳት ዕቃ ይሰበራል።

፭. ቁጥሩ በምን ተለካ? ከምንስ በላይ ነው?

አሁን ወደ ተርጓሚው ዋና ፈተና እንመጣለን። በክዳን አናት ላይ የሚገኘው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይቆማል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ክዳኖች ላይ 4፣ 7፣ 13 የሚለው በፓውንድ በካሬ ኢንች የተለካ ነው። በጃፓን ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚለው በኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር ነው። በመርሴዲስ ክዳኖች ላይ የሚታዩት 100፣ 120 እና 140 እያንዳንዳቸው 1.0፣ 1.2 እና 1.4 ባር ማለት ናቸው። አንድ ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር 14.2 ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ አንድ ባር ደግሞ 14.5 ያህል ነው። ፓስካል የሚባለው አሃድ፣ በተራራው ፈተና ያነሣነውን ሰው ስም ይዞ በ1971 በዓለም አቀፍ ጉባኤ ጸድቋል፤ አንድ ባር 100 ኪሎፓስካል ነው።

በዚህ ስሌት የ13 ፓውንዱ የእንግሊዝ ክዳንና 0.9 የተጻፈበት የጃፓን ክዳን አንድ ናቸው። ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በታክሲነት ያገለገለው ላዳ፣ ፊያት 124ን መሠረት አድርጎ ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት የተሠራው መኪና፣ የራዲያተር ክዳኑ በ0.5 ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር ይከፈታል፤ ይህም ከ7 ፓውንዱ የእንግሊዝ ክዳን ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። 0.5 እና 7 በዐይን ሲታዩ የማይገናኙ፣ በሥራ ግን አንድ የሆኑ ቁጥሮች ናቸው።

አሃዱን ቆርጦ መጣል ሌላም ጉዳት አለው። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች «በካሬ ኢንች» የሚለውን ጥለው «ባለ 7 ፓውንድ ክዳን» ማለት ልማዳቸው ነው። ይህን እንዳለ ያሻገረ ተርጓሚ፣ ከሦስት ኪሎ በላይ የሚመዝን ክዳን ለአንባቢው አቀረበለት። ለእንግሊዝኛው አንባቢ ልማዱ የጎደለውን ይሞላለታል፤ ለአማርኛው አንባቢ የሚሞላለት ልማድ ስለሌለ ተርጓሚው ራሱ ሊሞላለት ይገባል።

ከአሃዱ የባሰ የሚዘነጋው ግን የመነሻው ነገር ነው። በክዳኑ ላይ ያለው ቁጥር በዙሪያው ካለው አየር ግፊት በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ያመለክታል፤ ጠቅላላውን ግፊት አያመለክትም። የጎማ ንፋስ ሲለካም፣ በሐኪም ቤት የደም ግፊት ሲለካም እንዲሁ ነው። ጀርመኖች እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ትርፉን ግፊት ከጠቅላላው ለመለየት በአሃዱ ምልክት ጫፍ ላይ አንዲት ፊደል ይጨምሩ ነበር። አማርኛ ፊደል መጨመር አያስፈልገውም፤ «ትርፍ ግፊት» እና «ጠቅላላ ግፊት» ብንል ነገሩ ይለያል፤ ቃላቱም ለማንም እንግዳ አይሆኑም።

ይህ ልዩነት በደጋ አገር የቃል ጨዋታ አይደለም። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ 76 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የ4 ፓውንድ ክዳን በዚህ ላይ 28 ኪሎፓስካል ያህል ይጨምራል፤ ድምሩ 104 ይሆናል፤ ውሃውም በ101 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንግዲህ በለንደን ያለ ክፍት ራዲያተርና በአዲስ አበባ ያለ ባለ 4 ፓውንድ ራዲያተር በነጥበ ፍሌት ረገድ እኩዮች ናቸው። የ7 ፓውንድ ክዳን በባሕር ጠለል 111 ዲግሪ የሚሰጠውን በአዲስ አበባ 106 ዲግሪ ብቻ ይሰጣል። አንድ መኪና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ ክዳኑ ሳይለወጥ ነጥበ ፍሌቱ በጉዞው ላይ አምስት ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል።

ከዚህ ተነሥቶ «በደጋ አገር ከፍ ያለ ክዳን ይገጠም» የሚል ሊኖር ይችላል። ሐሳቡ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን የራዲያተሩ ብየዳ የሚሸከመው ትርፉን ግፊት ነው፤ ትርፉ ግፊት ደግሞ በቆላም በደጋም ያው ነው። በደጋ ያለ 15 ፓውንድ በቆላ ካለው 15 ፓውንድ ለብየዳው አይቀልለትም። ስለዚህ የመኪናው ሠሪ የወሰነው ቁጥር በከፍታም ቦታ ወሰን ሆኖ ይኖራል። የጎደለውን በግላይኮል መሙላት ይቻላል፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ውሃና ግላይኮል ያለ ክዳን ግፊት እንኳ በባሕር ጠለል ላይ 107 ዲግሪ ገደማ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ይህ ፈሳሽ በባዕድ ስሙ «ፀረ ውርጭ» መባሉ ለእኛ አገር አያስፈልግም የሚያሰኝ ስለሆነ፣ እርሱም ከሥራው በከፊል ብቻ የተሰየመ ዕቃ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን።

፮. ምርጫው በአጭሩ

ትክክለኛውን ክዳን ለመምረጥ ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ይመረመራሉ። አንደኛ፣ የሠሪው መጽሐፍ ለዚያ ሞተርና ለዚያ ዓመት የሰጠው ትርፍ ግፊት ከነአሃዱ ይታያል። ሁለተኛ፣ የራዲያተሩ አንገት ጥልቀት ይለካል፤ አጭሩ 19 ሚሊሜትር፣ ረጅሙ 25 ሚሊሜትር ያህል ነው። አጭር ክዳን በረጅም አንገት ላይ ሲገጠም ቫልቩ ወንበሩ ላይ ስለማይደርስ ግፊት አይይዝም፤ ረጅም ክዳን በአጭር አንገት ላይ ሲገጠም ሞላው ከልክ በላይ ስለሚጨመቅ ከተጻፈበት በላይ ይይዛል። ሦስተኛ፣ የራዲያተሩና የቱቦዎቹ ሁኔታ ይታያል፤ ያረጀ ራዲያተር ሳይታደስ ሙሉውን ቁጥር አይሰጠውም። እነዚህ ሦስቱ ሳይታወቁ ቁጥር ብቻ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ፣ የጫማ ቁጥር ሳይዙ በቀለም ብቻ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

የማስጠንቀቂያው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በ7 ፓውንድ ግፊት 111 ዲግሪ የደረሰ አንድ ሊትር ውሃ ክዳኑ በድንገት ሲነሣለት፣ 20 ግራም ያህሉ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። ሃያ ግራም ጥቂት ይመስላል፤ በእንፋሎትነት ግን ከ30 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ የቀረውንም ፍል ውሃ ይዞ በሰው ፊት ላይ ይወረወራል። «ክዳኑን በጥንቃቄ ይክፈቱ» የሚለው ትርጉም ይህን አይናገርም። «ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ ክዳኑን አይንኩ» የሚለው ይናገራል። በዚህ ቦታ የተርጓሚው ቃል ከመካኒኩ ጓንት የማይተናነስ መከላከያ ነው።

፯. ስለ ስያሜው

ሦስት አማራጮችን መዝነናል። «ክዳን» የታወቀ ነው፤ ግን መሸፈንን ብቻ ይናገራል። «ግጣም» ከድስቱ አፍ ጋር ልክ መሆንን ስለሚያስገነዝብ ለአንገቱ ጥልቀት የተስማማ ነው፤ ግፊትን ግን አያነሣም፤ በጋራዥም አልተለመደም። «ቫልቭ» ሥራውን ይናገራል፤ ነገር ግን በሞተሩ ውስጥ ካሉት ቫልቮች ጋር ያደባልቃል። ስለዚህ ሕዝብ የለመደውን ሳንሽር በቅጽል ማጥበቁን እንመርጣለን፤ ለጠቅላላው ስም «የራዲያተር ክዳን»፣ ለጥንቱ ዓይነት «ግፊት የለሽ ክዳን»፣ ለኋለኛው «ግፊት ጠባቂ ክዳን»።

«ጠባቂ» የሚለውን የመረጥነው ዘብ መቆምን ስለሚያሰማ ነው፤ ክዳኑ ግፊቱ እንዳያመልጥም፣ ከወሰን እንዳያልፍም ይጠብቃል። «ይጠብቃል» የሚለው ጽሕፈት «ብ»ን ጠብቆ ሲነበብ ዘብ መቆምን፣ ላልቶ ሲነበብ መጥበቅን ማመልከቱም ለዕቃው ተስማሚ ነው፤ ይህ ዕቃ ካልጠበቀ አይጠብቅምና። ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበው ፍቺም የሚከተለው ነው።

ግፊት ጠባቂ ክዳን (ስም)፦ የመኪና ራዲያተርን አፍ የሚዘጋ፣ በውስጡ ባለው ባለ ሞላ ቫልቭ አማካይነት የማቀዝቀዣውን ውሃ ከውጭው አየር በላይ በተወሰነ ትርፍ ግፊት የሚይዝ፣ ከዚያ ሲያልፍ የሚያስወጣ፣ ሲበርድም የሚያስገባ መክደኛ። የሚለየው በትርፍ ግፊቱ መጠን ከነአሃዱ እና በአንገቱ ጥልቀት ነው።

ፍቺው ለአንድ ትንሽ ክዳን የረዘመ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከርዝመቱ አንዱን ሐረግ ብንቀንስ የሚጎድለው ወይ አሃዱ፣ ወይ መነሻው፣ ወይ ልኩ ይሆናል፤ የጎደለው የሚታወቀውም መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ነው።